ደረጃው አይታየኝም

በዚያ የእንጨት ሥራ ቤት ወረቀት ላይ መሣል ነውር ነበር። እርሳስማ ሞልቷል፤ ከየሠራተኛው ጆሮ ጀርባ ተሰክቶ ይውላል፤ ግን ጣውላ ላይ ምልክት ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለውም። አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ፣ በርም ይሁን ቁም ሣጥን፣ ባለቤቱ መጋዙን ያስቆሙና ሁሉንም በትልቁ የሥራ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበስባሉ። ሠራተኞቹ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ጋሼ መጀመሪያ ዕቃውን በእጃቸው አየር ላይ ይሠሩታል፤ ወርዱን ዘርግተው፣ ቁመቱን ለክተው፣ በሩን ከፍተው ዘግተው። ከዚያ «ጨፍኑ» ይላሉ። ይጨፈናል። ሰጋቱራው ጸጉር ላይ ቀስ እያለ ያርፋል፤ ማንም አያስልም።

«አያችሁት?»

«አየነው!»

አለቀ። መጋዙ ይነሣል። «ወረቀት የማይታየው ሰው ምርኩዝ ነው» ይላሉ ጋሼ፣ ምርኩዝ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ረገጥ አድርገው።

ታናሺቱ ልጃቸው ከዚያ ጠረጴዛ ያነሰች ቁመት ከነበራት ጊዜ ጀምሮ አብራ ስትጨፍን፣ አብራ «አየሁት» ስትል ኖራለች። ልዩነቷ አንድ ነው፤ ከመጨፈኗ በፊት ትጠይቃለች። በሩ ወዴት ይከፈታል? የሚከፍተው ሰው ግራኝ ነው? መሳቢያው ውስጥ የሚገባው ልብስ ነው ድስት? ከዚህ የተነሣ ስሟ ቀርቶ «መርማሪዋ» ሆናለች። ስሙን ያወጣላት ቫርኒሽ ቀቢው ነው።

«አንቺ እኮ ፖሊስ ብትሆኚ ሌባ የሚባል አይተርፍሽም ነበር» አላት አንድ ቀን።

«ብሆንማ መች እዚህ ቆመህ ታወራ ነበር? የቤትህ በር የተቀባው በማን ቫርኒሽ ነው?»

ቀቢው እየሳቀ ወደ ብሩሹ ዞረ። ምላሷን የሚያውቅ ሰው ሁለተኛ አይሞክርም።

ነገሩ የተገለጠላት በዚሁ ቀቢ ምክንያት ነው። በምሳ ሰዓት ጣውላ ላይ ተንጋሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ሲል አገኘችው።

«ምን ያስቅሃል?»

«እጮኛዬን እያየኋት ነዋ። ቢጫ ጃንጥላዋን ይዛ።»

«እያሰብካት ማለትህ ነው።»

«ማሰብማ ሌላ ነው። አያታለሁ ነው የምልሽ! የጃንጥላዋ አንዱ ሽቦ ወጥቷል፤ እሱ ሳይቀር ይታየኛል።»

«ጨፍነህ?»

«አንቺ ደግሞ! ታዲያ ሰው በምኑ ነው የሚያየው?»

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጭ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ «አየሁት» የሚለውን ቃል እንደ ጨዋ ደንብ ነበር የምትቆጥረው፤ ራሱን እያመመው «ደህና ነኝ» እንደሚል ሰው። ማንም የምሩን ያያል ብላ አስባ አታውቅም። እሷ ስትጨፍን ያለው ጨለማ ነው፤ ድፍን ጨለማ። ወንድሟን ጠየቀች፣ ያያል። አክስቷን ጠየቀች፣ ታያለች፤ እንዲያውም በቀለም። አውቶቡስ ስትጠብቅ አጠገቧ የቆመች የማታውቃትን ሴት ጠየቀች፤ ሴትየዋም ታያለች፤ ቦርሳዋን ግን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ሌላ ሰው ቢሆን ሆድ ይብሰው ነበር። እሷን ግን የያዛት ንዴት ነው። ለካ እነዚህ ሰዎች በየጭንቅላታቸው ሲኒማ ከፍተው ነው የሚሠሩት! እሷ መብራት በሌለበት ቤት ገብታ እኩል ስትላግ፣ እኩል ስትቆርጥ የኖረች፣ እንዲያውም መሳቢያዋ ሳይንቋቋ የሚዘጋላት እሷ ብቻ! ቁም ሣጥን ስትሠራ ሣጥኑን የምትከፍተውን ሴትዮ ነው የምትሆነው። ክንዴ የት ይደርሳል? ጎንበስ ስል ወገቤ ምን ይላል? ጠዋት ስቸኩል የምፈልገው ነገር የቱ ጋ ይሁንልኝ? መልሱ ሲሟላ ዕቃው ያልቃል። ሥዕል የሚባል ነገር በመሃል የለም።

ይህን ባወቀች ሰሞን የጋሼ ጉልበት እምቢ አለ። ቆመው መዋል አቃታቸው። አንድ ጠዋት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ ሠራተኞቹ በሰሙበት፣ «ከእንግዲህ የሥራ ቤቱን ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትመሩታላችሁ» አሉ። «ያቺ የጥርስ ሐኪም ያዘዘችንን የእንጨት ደረጃ ሥራ የመራ ሰው ቤቱንም ይመራል። አይቼ እወስናለሁ።»

ልባቸው ወደ ሴቷ ልጅ እንደሚያጋድል ሁሉም ያውቃል። ታላቅ ወንድሟም ያውቃል፤ ግዙፍ፣ ፈጣን፣ ቂም የማያውቅ ሰው ነው። ቅር አላለውም። እሷም ፈልጋዋለች። ሲሰጧት «ኧረ እኔ ምን ችዬ» ብላ የምትሽኮረመም ዓይነት አይደለችም። ያን ቤት መምራት ፈልጋለች፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የሐኪሟ አዲስ ቤት ቁልቁለት ላይ ነው የተሠራው። ስለዚህ ላይኛውም ታችኛውም ፎቅ የየራሱ መንገድና የየራሱ በር አለው፤ ውስጥ ለውስጥ የሚያገናኛቸው፣ መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ደረጃ ነው የጎደለው። ቦታውን ለማየት የሄዱ ዕለት ጋሼ ለጉልበታቸው ብለው ከላይ ገቡ፤ ወንድሟ ሜትሩን ይዞ ከታች ገባ። ሲመለሱ መጋዙ ቆመ፣ ሰዉ ተሰበሰበ። ጋሼ አንድ እጃቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ተደግፈው በሌላው ደረጃውን አየር ላይ ሠሩት፤ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ማረፊያው ላይ ደረሰ፣ ወደ ቫርኒሹ መደርደሪያ ታጠፈ።

«አባባ» አለች፣ «አሁን የቆምከው ላይ ነው ታች?»

«ጀመረች!» አለ ቀቢው። ሁሉም ሳቀ።

«ጨፍኚ፤ ሲታይሽ ታውቂዋለሽ» አሏት አባቷ። ጨፈኑ። ወዲያው «አየነው!» ተባለ። ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። የሚጠብቁት የሷን መልስ መሆኑን ሰው ሁሉ ገብቶታል። «አየሽው?»

አንዲት ቃል ነበረች የቀረቻት። ስትላት የኖረች፣ ለምላሷ የማትከብዳት ቃል። ቤቱ ከዚያች ቃል ማዶ ቆሟል።

«አላየሁትም።»

«እስቲ ደግመሽ ጨፍኚ።»

«አባባ፣ እስኪነጋ ብጨፍንም አይታየኝም። ደረጃው ብቻ አይደለም፤ ምንም አይታየኝም። ስጨፍን ጨለማ ነው።»

ወንድሟ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ጋሼ። «ስንት ዘመን አየሁት ስትዪ አልነበር?»

«እናንተም እንደኔ ለወግ የምትሉት መስሎኝ ነዋ!»

«ያን ሁሉ ሥራሽን? የመጻሕፍት መደርደሪያውን?»

«አንዱንም አላየሁትም። ጠይቄ፣ አስቤ፣ ሠራሁት።»

ጋሼ በርጩማ ፈልገው ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናትሽንስ?»

እናቷ ከሞተች ቆይታለች። «እሷንም» አለች።

ያኔ አባቷ አዩዋት። እግሩ የተሰበረ ፈረስ እንደሚታየው። ቀቢውም እንደዚያው። ወንድሟ ጭራሽ አንገቱን ደፋ። ደሟ የፈላው ይኼኔ ነው።

«እንደዚያ አትዩኝ! የጎደለኝ ነገር ካለ ሥራዬ ላይ አሳዩኝ። የትኛው በሬ ነው የተጣመመው? የትኛው ወንበሬ ነው ሰው የጣለው?»

«ወንበር ሌላ፣ ደረጃ ሌላ» አሉ ጋሼ ቀና ሳይሉ። «ደረጃ የሰው ነፍስ የሚሸከም ነገር ነው። የማይታያትን ሥራ ልጄ እጅ ላይ አልጥልም። አንተ ምራው» ብለው ወደ ወንድሟ ጠቆሙ።

ሁሉም ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ሽርጧን አራግፋ ከጠረጴዛው ራቀች።

«መልካም። ሲኒማው ሲያልቅ ቀስቅሱኝ።»

ጓሮ ወጥታ የምስማር ካርቶን አገኘች። በቢላዋ መተረችው፣ አጠፈችው፣ በኮላ አጣበቀችው። አባቷ በእጃቸው ያሳዩትን ደረጃ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እንደተረዱት፣ ጭን የሚያህል አድርጋ ሠራችው። ምርኩዝ ይበሏት። ቀቢው በበሩ ብቅ ብሎ አያት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ወደ ብሩሹ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ቤት ሄደች። ሐኪሟ ከሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል ቆማ ከግንበኛ ጋር ትከራከር ነበር፤ ሰው ሲያናግራት ዓይኑን ሳይሆን ጥርሱን የምታይ ሴት ናት። «ግቢ፣ ነካ ነካ እንዳታደርጊ፣ ገና እርጥብ ነው» ብላ ወደ ክርክሯ ተመለሰች።

መርማሪዋ ከታችኛው ፎቅ ቆማ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ከደረጃው እኩል እንድትሆን አጠገቡ በሆዷ ተኛች። መውጫው፣ ጣራው ላይ የተተወው ቀዳዳ፣ ወዲያ ነው። የካርቶኑ ደረጃ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ማረፊያው ላይ ደረሰ፣ ታጠፈ፤ ከዚያ ፊት ለፊቱ የተከፈተ መስኮት። በዚህ ደረጃ የሚወጣ ሰው የሚደርሰው ውጭ፣ አየር ላይ ነው።

ካርቶኑን አዞረችው። አሁንም መስኮት። ተነሥታ በመሰላሉ ላይ ወጣች፤ አባቷ ቆመው የነበሩበት ቦታ ቆማ ቁልቁል እጇን እንደሳቸው አንቀሳቀሰች። ልክ ሆነ! አባቷ ደረጃውን ያዩት ከላይ ወደ ታች እየወረዱበት ነው። ወንድሟና ቤቱ ሁሉ ግን ያን እጅ አይተው፣ ጨፍነው፣ ከታች ወደ ላይ ወጡበት። አንድ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ደረጃ። ሁሉም አየሁት አለ፤ አልዋሸም፤ የየራሱን አየ። ማንም «አንተ ያየኸው የቱን ነው?» ብሎ ጎረቤቱን አልጠየቀም፤ ያየ ሰው ምን ይጠይቃል?

ወርዳ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሳቀች። ሐኪሟና ግንበኛው ክርክራቸውን አቁመው አዩዋት።

አውቶቡስ ውስጥ ግን ሳቁ ለቀቃት። ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አሰበች። ጣውላው ዛሬ ከሰዓት ይቆረጣል። ዝም ብትልስ? ይቆረጥ። ይገጣጠም። መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድና መስኮት ላይ ይውጣ። ያን ቀን ወንድሟ በሐኪሟ ፊት አንገቱን ይደፋል፣ አባቷም ሳይወዱ በግድ ወደ እሷ ይዞራሉ። ቀላል ነው። መናገር እንኳ አይጠይቅም።

አሰበችው፤ ሳትዋሽ ለመናገር፣ ጣፈጣት። ከዚያ ጠላችው። ያ ጣውላ ያማረ ጣውላ ነው፤ ራሷ መርጣ፣ ራሷ አድርቃዋለች። ወንድሟም ወንድሟ ነው። ደግሞስ የሷ የሆነውን ነገር ከተበላሸ እንጨት ሥር ለቅማ ልትወስድ ነው? ስትፈልግ በፊት ለፊት በር ገብታ ትወስደዋለች።

ስትደርስ ወንድሟ ጣውላውን አመቻችቶ መጋዙን አንሥቷል።

«ቆይ!» ብላ ጮኸች። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጋሼ ካርቶኑን ሲያዩ የሞተ አይጥ የቀረበላቸው መሰሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የናንተ ደረጃ ነው። መስኮት ላይ ነው የሚያወጣው።»

«ምን ሲደረግ! አይቼዋለሁ እኮ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እኔም አይቼዋለሁ» አለ ወንድሟ።

«እሺ፤ ሁለታችሁም ጨፍኑ» አለች።

በዚያ ቤት ከጋሼ በቀር «ጨፍኑ» ብሎ የሚያዝ ኖሮ አያውቅም። ምናልባት ከመገረማቸው የተነሣ፣ ሁለቱም ጨፈኑ።

«አባባ፣ እግርህ ደረጃው ላይ ነው። መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

«በቀኜ።»

«አንተስ?»

«በቀኜ» አለ ወንድሟ። «ተስማማን እኮ!»

«አባባ፣ እየወጣህ ነው እየወረድክ?»

«እየወረድኩ ነዋ።»

ወንድሟ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ… እየወጣሁ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ታች ቆመህ፣ ፊትህን ወደ መውጫው አድርገህ፣ ሜትር ስትይዝ መስኮቱ በየት በኩል ነበር? የምታየውን ተው። ብርሃኑ የትኛውን ጉንጭህን አሞቀው?»

ወንድሟ ጉንጩን ዳሰሰ። «ግራዬን» አለና ዓይኑን ገለጠ። «ግራዬን ነው ያሞቀኝ! አባባ ሲነግረን ግን…»

«አባባ ሲነግርህ ሥዕሉ ተገለበጠልህ። ለሚወርድ ቀኝ የሆነው ለሚወጣ ግራ ነው።»

ቀቢው ከጥግ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ሁለት ደረጃ እንሥራ?» አለ። «አንዱ ለሚወጣ፣ አንዱ ለሚወርድ?»

ማንም ሊስቅ አልደፈረም፤ ወንድሟ ግን ሳቀ፤ ያ ትልቅ አካሉ እየተነቃነቀ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መጋዙን አስቀምጦ፣ «እሷ ባትደርስ ቆርጬው ነበር» አለ። «እሷ ትምራው። እኔ እቆርጥላታለሁ።»

ጋሼ አልሳቁም። ተነሥተው በምልክት ጠሯትና ከጣውላው ክምር ጀርባ ወሰዷት።

«እሺ፣ ቤቱን ምሪ» አሉ በሹክሹክታ። «ግን ይሄ የጨለማ ነገር በመሃላችን ይቅር። ሠራተኛ ፊት ጨፍኚ፣ ደንበኛ ሲጠይቅሽ አይቼዋለሁ በይ። ምን ይጎዳሻል? ኖረሽበታል።»

«የኖርኩበት ሳላውቅ ነው። አሁን አውቄ ብል ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።»

«ሰው ምን ይላል? ጋሼ ቤቱን ለማይታያት ልጁ ሰጠ ይላሉ።»

«ይበሉ! አንተም ለምትጠይቅ ልጄ ሰጠሁ በላቸው።»

«አንጀቴን በላሽው እኮ ነው፣ ልጄ። እናትሽን እንኳ…»

«እናቴን ለዚህ አታምጣት።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው መልሳ አቀናችው። «ፊቷን አላየውም፤ እሷን ግን አውቃታለሁ። አሁን እዚህ ቆማ ውሸት ተናገሪ ስትለኝ ብትሰማህ ምን ትልህ ነበር?»

አባቷ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። «ግትር ትለኛለች።»

«ከዚያስ?»

«…ከዚያ ደግሞ ታኮርፈኛለች።»

«ታዲያ እኔ ምን እያደረግሁ ነው? ከማን የወረስኩት ይመስልሃል? አንተ ጨፍነህ ስታያት፣ እኔ አፍ አውጥቼ እሷን ሆኜ እዚህ ቆሜያለሁ። አትዘንልኝ። ቤቱን የምትሰጠኝ እንዳለሁ ከሆነ ስጠኝ። ካልሆነ ይቅርብኝ፤ ካርቶኔን ይዤ ሌላ ቦታ እሠራለሁ።»

ይኼኔ የሐኪሟ ድምፅ ከበሩ መጣ።

«ጋሼ! ልጅዎ ዛሬ ጠዋት ወለሌ ላይ ተንጋላ ብቻዋን ስትስቅ ነበር። ደህና ናት? ደረጃዬ ያለው በማን እጅ ነው?»

ጋሼ ከክምሩ ጀርባ ፈጠን ብለው ወጡ። «አይዞሽ ዶክተር፣ ልጄ ሥራውን ከላይ እስከ ታች አይታ ጨርሳ…»

«አላየሁትም» አለች።

መላጊያው ሳይቀር ቆመ። አባቷ ዞረው አዩዋት፤ ዓይናቸው ይለምናል። ይለምን።

«ስጨፍን ምንም አይታየኝም፣ ዶክተር። ከተፈጥሮዬ ነው። በጣም የሚታያቸው ሰዎች ግን ዛሬ በመስኮትዎ ሊያስወጡዎ ነበር። እኔ የምሠራው እየጠየቅሁ ነው፤ ስጠይቅም አሰለቻለሁ። ካልተመቸዎ መንገዱ ማዶ የሚታየው አናጺ አለ። ከተመቸዎ ደግሞ ወንበር ይሳቡና ይቀመጡ።»

ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ጥርሷን አየቻት። «እኔም» አለች በመጨረሻ፣ «አፍ ከፍተው ሳያሳዩኝ የት እንደሚያማቸው እንዳውቅላቸው የሚፈልጉ ሰዎች ይመጡብኛል።» ወንበር ሳበች።

ጋሼ ፊታቸውን አዙረው ጣውላው ክምር ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው። መሄድ ግን አልሄዱም።

«ሲወርዱ በየትኛው እጅዎ ነው የሚደገፉት?» ብላ ጀመረች መርማሪዋ።

«በግራዬ። ቀኜ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይዟል።»

«በእንቅልፍ ልብ ይወርዳሉ? ጠዋት?»

«ቡና እስክጠጣ ድረስ አልነቃም።»

«መጫሚያዎ ምንድን ነው? የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ?» ሐኪሟ ሳቀችና አመነች። መርማሪዋ እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ አውጥታ ካርቶኑ ጎን ላይ፣ በዚያ ቤት መሃል፣ ሁሉም እያየ ጻፈች። «ላይ ሲደርሱ፣ የመጨረሻውን እርከን ሲረግጡ፣ ትከሻዎ ምን ይነካል?»

«እኔ እንጃ። ገና በመሰላል እኮ ነው የምወጣው፤ ልብ አላልኩትም።»

መርማሪዋ እርሳሷን እንደያዘች ቀረች፤ እሷም ካርቶኑን ይዛ ስትሯሯጥ ያን አልመረመረችውም።

«ግድግዳው አልተለሰነም» አለ ከክምሩ በኩል ጎርነን ያለ ድምፅ። ጋሼ አልዞሩም። «ድንጋዩ ወጣ ያለ ነው፤ ኮቴን ፈቅፍቆታል። እዚያ ጋ ደረጃው ሰፋ ካላለ ሰው ትከሻውን ይፋቃል።»

ወንድሟ ወደ እሷ አየ። እሷ አንገቷን ካርቶኑ ላይ እንደደፋች ነው።

«አባባ።»

«ምን?»

«ወደዚህ ዞረህ ተናገር። ከጀርባህ ጋር አልነጋገርም።»

የጣውላው ክምር ሲንቋቋ ሰማች፤ ቀና ሳትል ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቀች።